ፖሊስ ትምህርት ቤታችን የተመደበችበት ዓመት

ደንቡን የነገረን ዳይሬክተራችን ነው፤ ጠዋት ከሰልፍ በኋላ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ሻያችንን ይዘን ቆመን ሳለ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየከተማው ባሉ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት ሁሉ፣ ግቢ ውስጥ ፖሊስ መኖር አለበት። ይኑር አይኑር ተብሎ የሚመከርበት ጉዳይ አልነበረም። ግዴታ ነው።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከውጭ የመጡ ጎረምሶች አጥር ዘለው ገብተው የአንድ አስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ፊት በምላጭ ቆርጠው ነበር። ልጁ ተርፏል፤ ጠባሳው ግን ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ወርዷል። በማግስቱ ወላጆች ግቢውን ሞልተው "ልጆቻችንን አምነን የሰጠነው ለናንተ ነው፤ ካልቻላችሁ ንገሩን!" እያሉ ጮኹብን። ዘበኛችን አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ግቢው ሰፊ ነው፤ በጀርባ በኩል ደግሞ አጥር ከማለት ቁልቋል ማለት ይቀላል።

ስለዚህ ደንቡ ሲነገረን አብዛኛው መምህር ደስ አለው። በተለይ የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለው ዩኒት ሊደር፣ "አቦ ተገላገልኩ! እኔ ብቻዬን ስንቱን ልቻል?" አለ። ፊታቸው ያልተፈታው ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት የሒሳብ መምህራችን ብቻ ነበሩ።

"ልጅ ሲያጠፋ የምንጠራው አባቱን ነበር" አሉ። "አሁን ፖሊስ ልንጠራ ነው?"

"ለትልቅ ጥፋት ነው እንጂ" አለ ዳይሬክተሩ።

"ትልቁን ከትንሹ የሚለየው ማነው?"

"እሱ በሂደት ይታያል" አለና ወደ ቢሮው ሄደ።

እኔ ምንም አልተናገርኩም። ሐሳብ አጥቼ አይደለም፤ ሁለት ሐሳብ ስለያዘኝ ነው። የተማርኩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ ከስልጤ አገር መጥቶ የጨርቅ ሱቅ የከፈተው ከተማችን አሰበ ተፈሪ እንጂ ጭሮ በማትባልበት ጊዜ ነበር፤ እኔም የተወለድኩት ከሱቁ ጀርባ ነው። አስረኛ ክፍል ሳለሁ፣ አንድ ቀን ተማሪው ረብሿል ተብሎ ፖሊሶች ግቢ ገቡ። በመስኮት ወጥተን፣ በጀርባ በኩል ወደ ገደሉ ዘለልን። አጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ሲዘል እግሩ ተሰበረ። ድኖ ተመለሰ፤ ግን በር ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ከመቀመጫው ብድግ ይል ነበር። በኋላ ትምህርቱን ተወው። እንግዲህ በምላጭ የተቆረጠውን ልጅ ፊት ሳይ "ፖሊስ ይምጣ" እላለሁ፤ ያን ጓደኛዬን ሳስብ ደግሞ ልቤ ይከብደኛል። ይሄን ሻይ ይዞ በቆመ ሰው ፊት እንዴት አድርጌ ልናገረው?

የጠበቅነው ክላሽ ያነገተ ጎልማሳ ነበር። የመጣችው ሴት ናት። ወደ አርባው የተጠጋች፣ ቀጠን ያለች፣ ከቆቧ ሥር ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ በእጇ ከዱላ በቀር ምንም ያልያዘች። ያደገችው አሰቦት ነው፤ እናቷ ወደ ገዳሙ ለሚወጡ ተሳላሚዎች ወተት ትሸጥ ነበር። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ሆኖም "እርስዎ" የሚባለውን ነገር አትጠቀምበትም። ሁሉንም ሰው "አንተ" ነው የምትለው፤ ዳይሬክተሩንም ጭምር። እሱ መጀመሪያ ይኮሳተር ነበር፤ በኋላ ለመደው።

"ቢሮ አዘጋጅተንልሻል" ሲላት፣ "አንተ ቢሮህ ግባ፤ እኔ በር ላይ ይሻለኛል" አለችው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተማሪዎቹ በሩ ጋ ሲደርሱ ወሬያቸው ይቋረጥ ነበር። እሷ "አካም ቡልተን" ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ትላቸዋለች፤ እነሱ በለሆሳስ መልሰው ያልፋሉ። ማርፈድ ቀረ። ከአጥሩ ጀርባ የሚያንዣብቡት ጎረምሶች ጠፉ። በር ላይ ሳምቡሳ የምትሸጠው ሴትዮ እንኳ "አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮ ሳልዘረፍ መዋል ጀመርኩ" ትል ነበር። ፊቱ የተቆረጠው ልጅም ተመለሰ። አንድ ጠዋት አብረን ስንገባ "ቲቸር፣ አሁን ወደ ኋላዬ ሳላይ ነው የምመጣው" አለኝ። ይሄን መካድ አልችልም።

አንድ ቀን ክፍት ክፍለ ጊዜ ነበረኝና ከእሷ ጋር በር ላይ ቆምኩ።

"ሥራው እንዴት ነው?" አልኳት።

"ምን እንደሆነ ባውቀው ጥሩ ነበር" ብላ ሳቀች። "ሌባ ያዢ ሲሉኝ አውቃለሁ። ገበያ ጠብቂ ሲሉኝ አውቃለሁ። እዚህ ግን ተገኚ ነው ያሉኝ። ተገኘሁ። የሚገባው ልጅ ወይ ሰላም ይለኛል ወይ ይፈራኛል። ሁለቱም ሥራ አይደለም።"

ሥራ የሰጠናት እኛ ነን። ዩኒት ሊደሩ ጫት ቅሞ የመጣውን፣ ክፍል ውስጥ ስልክ የነካካውን፣ በእረፍት ሰዓት የተደባደበውን ሁሉ እየጎተተ ወደ በሩ ማምጣት ጀመረ። እሷ "ይሄ ያንተ ልጅ ነው፤ ውሰደው" ብላ ትመልስለታለች፤ እሱ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። አዲሱ የፊዚክስ መምህር የቤት ሥራ ያልሠራን ተማሪ "ፖሊሷ ጋ ትሄዳለህ!" ማለት ለመደ፤ ክፍሉም ጭጭ ይልለታል። እኔ ራሴ፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ተማሪው በረሃብ ሲቁነጠነጥ፣ ቃሏ ምላሴ ጫፍ ላይ የምትደርስበት ቀን ነበር። ቀላል ነዋ። አንድ ቃል ትናገራለህ፣ ጸጥታ ታገኛለህ። ከሁሉም ያስፈራኝ ይሄ ቅለቷ ነበር።

በዚያ ዓመት የአንድ አስረኛ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ከተማሪዎቼ አንዷ ከቦርደዴ የመጣች ልጅ ናት። አባቷ ከብት አርቢ ነው። ቆላው ላይ ወባ እየደጋገመ ሲጥላት፣ "ደጋው ይስማማት ይሆናል" ብሎ ጭሮ ላካት። ከአክስቷ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ካልተጠየቀች አትናገርም፤ ስትጠየቅ ግን መልሷ አጭርና ትክክል ነው። ከኋላዋ የሚቀመጠው ልጅ እናቱ በከተማው የታወቁ ጫት ነጋዴ ናቸው። ረጅም ነው፣ ቀልደኛ ነው። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሰው ካልሳቀለት ቀኑ የማይመሽለት ዓይነት ነው።

ነገሩ የተፈጠረው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። አስተማሪው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዙረው ክብ ሲሠሩ፣ ልጁ ከኋላ ሻሿን ሳብ አድርጎ ገፈፋት። ጸጉሯ ተገለጠ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷ ዞረች፤ በእጇ የያዘችውን የኮምፓስ ጫፍ ዴስኩ ላይ በተዘረጋው የልጁ እጅ ላይ ሰካችው።

ጩኸቱን ሰምቼ ከጎን ካለው ክፍል ስደርስ፣ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ደም የሚንጠባጠበውን እጁን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያየዋል። ዩኒት ሊደሩ ደግሞ ልጅቷን አንጓዋን ይዞ ወደ ግቢው በር እየወሰዳት ነው። ልጁን ወደ ክሊኒክ እንዲወስዱት ለሒሳብ መምህሩ ተውኩና ተከተልኳቸው።

"በስለት ወግታለች" አለ ዩኒት ሊደሩ፣ ኮምፓሱን ለፖሊሷ እያቀበለ።

ፖሊሷ ልጅቷን አየቻት። ሻሹ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንጓዋን ዩኒት ሊደሩ ስላልለቀቀው መልሳ ልታስረው አልቻለችም። ፖሊሷ ዱላዋን ከግድግዳው አስደግፋ ሻሹን አሰረችላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"የክፍሏ ኃላፊ አንተ ነህ?"

"አዎ። እህቴ፣ ይሄ የእኛ ነገር ነው። ወላጆቻቸውን እንጥራ፣ እዚሁ ይለቅ።"

"ሌላ ጊዜ ቢሆን ያልከውን አደርግ ነበር" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ስለትና ደም ካለ ጣቢያ አድርሺ ተብያለሁ። በግልጽ የነገሩኝ ይሄን ብቻ ነው። እኔ ካላደረስኳት ነገ ሌላ ሰው መጥቶ በካቴና ይወስዳታል።"

"እንግዲያው አብሬ እመጣለሁ።"

"ና። እንድትመጣ ነው የምፈልገው።"

ከትምህርት ቤቱ ወደ ጣቢያው የሚወስደው መንገድ ጫት ተራን ሰንጥቆ ያልፋል። አይሱዙዎቹ የሚጫኑበት ሰዓት ስለነበር ሰዉ ጢም ብሏል። ፖሊሷ የልጅቷን እጅ አልያዘችም። መሃላችን አደረግናት።

"አውራት" አለችኝ ፖሊሷ። "ዝም ብለን ከሄድን እስረኛ ትመስላለች።"

ምን ልበላት? "ቦርደዴ ዝናብ ገባ?" አልኳት።

"አልገባም ቲቸር።"

"ማሽላውስ?"

"ደርቋል። አባቴ ፍየሎቹን ይዞ ወደ ወንዙ ወርዷል።" ትንሽ እንደሄድን፣ "አባቴ ይሰማል?" አለችኝ።

ልመልስላት ስል፣ የአባቴ ወዳጅ የነበሩ አንድ ነጋዴ ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው "መምህር! ልጅቷ ምን ሆና ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ። የጠየቁት እሳቸው ብቻ ቢሆኑም ጆሮውን የሰጠን ተራው በሙሉ ነው።

ፖሊሷ ቀደመችኝ። "አሟት ነው። ወደ ሐኪም እየወሰድናት ነው።"

"አላህ ያሽራት" አሉ ሽማግሌው።

ካለፍን በኋላ ፖሊሷ "ሰው ወጋች ከሚሏት ታመመች ቢሏት ይሻላል" አለችኝ። እኔም የሚሻል መስሎኝ ነበር።

ጣቢያው ላይ ክፉ ሰው አልገጠመንም። መርማሪው ድካም ፊቱ ላይ የሚነበብ ወጣት ነው፤ ልጅቷን አስቀምጦ ውሃ አስመጣላት። የሆነውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። ከሰዓት በኋላ በእኔ ዋስትና ተለቀቀች። ግን ፋይል ተከፍቷል፤ አቃቤ ሕግ እስኪወስን ድረስ በየሳምንቱ እየመጣች መታየት አለባት። የልጁ ቁስል ደግሞ ተጠርጎ ታስሮ፣ ሐኪሙ "ይድናል" ብሎ ወደ ቤቱ ሰዶታል። እኔ ቀኑ ያለቀ መስሎኝ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሳምቡሳ ሻጯ እጄን ያዝ አድርጋ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"መምህር፣ የቦርደዴዋ ልጅ ማርገዟ እውነት ነው?"

"ማን አለ?"

"ኧረ ከተማው ሁሉ ነው የሚለው። ትናንት ፖሊስ ይዟት ሐኪም ቤት ሲወስዳት ታይታለች አይደል? ትምህርት ቤት ውስጥ ልታስወርድ ስትል ተያዘች ነው የሚሉት።"

ነገሩን ማንም ሆን ብሎ አልፈበረከውም። ፖሊስ አለ፣ መምህር አለ፣ የታመመች ልጃገረድ አለች፤ የቀረውን ሰው ሞላው። ልጅቷ ክፍል አልመጣችም። በእረፍት ሰዓት ወደ ተከራየችበት ቤት ሄድኩ። የአክስቷ ልጅ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ አገኘኋት። ወሬው በስልክ ሌሊቱን ቦርደዴ ደርሶ፣ አባትየው ጎህ ሲቀድ "አሁኑኑ መኪና ላይ ውጪ" ብሎ ጠርቷታል፤ ሄዳለች።

ተመልሼ ለፖሊሷ ነገርኳት። ከተመደበች ጀምሮ በሥራ ሰዓት ተቀምጣ አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀን ግን በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

"አሟት ነው ያልኩት እኔ ነኝ" አለች። "ነገ ሰልፍ ላይ እናገራለሁ" ብላ ተነሳች።

ዳይሬክተሩ አልወደደውም። "ፖሊስ ሰልፍ ላይ ተናግሮ አያውቅም። ነገሩን ታባብሺዋለሽ። ሰው በራሱ ጊዜ ይረሳዋል።"

"እሷ አትረሳውም" አለችው። "አንተ ካልፈቀድክ፣ በር ላይ ቆሜ ለሚገባው ልጅ ሁሉ አንድ በአንድ እነግራለሁ።"

ፈቀደ።

በማግስቱ ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ ወደ ፊት ወጣች። ጭጋጉ ከተራራው ገና አልተነሳም፤ ተማሪው በብርድ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቷል። መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥላም በአማርኛ ተናገረች።

"ያቺ ልጅ አልታመመችም። አላረገዘችም። ክፍል ውስጥ ሻሿን ገፈፏት፣ ተናዳ ወጋች። ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲጠይቀኝ አሟት ነው ብዬ ዋሸሁ። እንዳታፍር ብዬ ነበር፤ የባሰ አሳፈርኳት። ይሄን ወሬ ለእናቱ ወይ ለጓደኛው ያወራ ልጅ ካለ፣ ዛሬ ቤቱ ሲገባ ውሸት ነው ይበል። ማን አለ ካሉት፣ ራሷ ፖሊሷ ይበል።"

ማንም አላጨበጨበም። ደወል ተደወለ፤ ተማሪው ሳይንጫጫ ወደየክፍሉ ሄደ። እጁ በፋሻ የታሰረው ልጅ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሞ ቀረ። "ግባ እንጂ" ስለው ነው የተንቀሳቀሰው።

በዚያው ቀን ከሰዓት የልጁ እናት መጡ። ድምፃቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚገባ፣ ሁለት ስልክ በእጃቸው የማይጠፋ ሴት ናቸው። ለልጃቸው ሊከራከሩ የመጡ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ሰልፉ ላይ የተባለውን ከጎረቤት ልጆች ሰምተዋል።

"ይሄ ልጅ እኔን ውሻ ነክሶኝ ነው ነበር ያለኝ!" አሉ። "የሰው ልጅ ሻሽ ገፎ! ወላሂ መርፌው ከዚያም ቢጠልቅ አይቆጨኝም ነበር። ና ጣቢያ እንሂድ፤ ክስ የለኝም ብዬ እፈርማለሁ።"

አብረን ሄድን። መርማሪው በትዕግሥት ሰማቸው።

"እናቴ፣ መልካም ነው" አለ። "ግን የከሰሱት እርስዎ አይደሉም። ደንቡ ነው። ጉዳዩ አቃቤ ሕግ ጋ ደርሷል።"

"እሺ፤ ታዲያ የምለምነው ማንን ነው?"

እናትየው ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆም ብለው፣ "ሰው ሰውን ሲበድል ሽማግሌ ትልካለህ። ደንብ ቤት ሽማግሌ ይላካል?" አሉኝ። እስከ ዛሬ ስለ እነዚህ ደንቦች ሳስብ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ይሄ ጥያቄያቸው ነው።

ሽማግሌ ሊላክ የሚችለው የልጅቷ አባት ጋ ነበር። ቅዳሜ ዕለት በእናትየው ፒክአፕ ተነሳን፤ እሳቸው፣ ልጁ፣ እኔና ፖሊሷ። እሷ የደንብ ልብሷን ትታ ጉርድና ሰፊ ሻሽ ለብሳ መጣች። ቁልቁለቱን ወርደን ሚኤሶን ስናልፍ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። አሰቦት ላይ እናቷ ወተት ትሸጥበት የነበረውን ዛፍ በእጇ አሳየችን።

አባትየው ከግራር ሥር ምንጣፍ አስነጥፈው ተቀበሉን። ረጅም፣ ጺማቸውን ሂና የቀቡ ሰው ናቸው። ወተት ቀረበልን። ወሬው ውሸት እንደሆነ ልጃቸው ነግራቸዋለች፤ አምነዋታልም። ንዴታቸው ግን አልበረደም። እንግዶቹ እነማን እንደሆኑ እኔ ገና ሳልጨርስ ተናገሩ።

"እኔ ልጄን ትምህርት ቤት ሰደድኳት እንጂ ፖሊስ ጣቢያ አልሰደድኳትም" አሉ። "ያቺን ፖሊስ አንድ ቀን ባገኛት እጠይቃታለሁ። አንቺ ልጅ የለሽም ወይ? በገበያ መሃል እንዴት አስቻለሽ? ብዬ እጠይቃታለሁ።"

ፖሊሷ የወተቱን ጣሳ አስቀመጠች።

"ሁለት ልጆች አሉኝ አባ" አለች። "እኔ ነኝ።"

አባትየው ዞር ብለው አዩዋት። እናትየው ስልካቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተቱ።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ጣቢያ ማድረሴ ሥራዬ ነው፤ በእሱ ይቅርታ አልልህም። ስለ ዋሸሁት ግን አፉ በለኝ።"

እሳቸው ለረጅም ጊዜ መሬቱን ጫሩ። ከዚያ "የማን ልጅ ነሽ?" አሏት። ነገረቻቸው። እናቷን ያውቋታል፤ ድሮ ከብት ሲያሻግሩ ከእሷ ወተት እየገዙ ይጠጡ ነበር። "ሐቀኛ ሴት ነበረች፣ አላህ ይማራት" አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። ፊታቸውን ወደ ልጁ አዞሩ።

"አንተስ? ለምን ገፈፍካት?"

ልጁ ዓይኑን ሳያነሳ፣ "እንዲስቁልኝ ብዬ ነው" አለ።

"ሳቁልህ?"

"ሳቁ።"

"ጣፈጠህ?"

ልጁ መልስ ሊሰጥ ሲሞክር እንባው ቀደመው። እናቱ ሊያባብሉት አልሞከሩም። አባትየው ትንሽ ጠብቀው እጃቸውን ራሱ ላይ አደረጉ። "በቃ። አፉ ብዬሃለሁ" አሉ። እኔ እፎይ አልኩ፤ የመጣንበት የተሳካ መስሎኝ፣ "እንግዲህ ሰኞ ትመለስልና" አልኩ።

"አትመለስም" አሉ፣ ያለ ቁጣ። "መምህር፣ አንተ ደግ ሰው ነህ። ግን ልጄ ጭሮ ውስጥ ስሟ 'ፖሊስ የወሰዳት' ሆኗል። ይሄን አንተም፣ ይቺ ፖሊስም፣ እኔም አንፍቅላትም።"

ፖሊሷን አየኋት፤ ትከራከራለች ብዬ ነበር። አንገቷን ደፋች። ያሉት ልክ ነው።

"ታዲያ ትምህርቱ ይቅር?" አልኩ።

"እህቴ ሚኤሶ አለች። እዚያ ትማር ይሆናል። ግን እዚያም እንደዚህ ቆላ ነው፤ ወባው አይለቃትም።"

ያን ጊዜ ከቤቱ ውስጥ የልጅቷ ድምፅ መጣ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ መስማቷን እንኳ አላወቅንም ነበር።

"ከወሬው ወባው ይሻለኛል፣ አባ" አለች።

ሚኤሶ ገባች። ጉዳዩን አቃቤ ሕግ ከሳምንታት በኋላ ዘጋው፤ እስከዚያው ግን በቀጠሮ ቀን ጭሮ እየወጣች መታየት ነበረባት። ፖሊሷ በነዚያ ቀናት ተረኛ ካልሆነች የራሷን ልብስ ለብሳ መናኸሪያው ላይ ትጠብቃትና እንደ አክስትና እንደ እህት ልጅ እያወሩ ይሄዳሉ። ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም።

እኛም አንድ ነገር አደረግን። የሒሳብ መምህራችን ስብሰባ ጠይቀው፣ የክፍል ኃላፊው ሳይሰማ፣ ወላጅ ሳይጠራ ማንም መምህር ተማሪ ወደ በሩ እንዳይወስድ ተስማማን። ዩኒት ሊደሩ አጉረመረመ፤ በኋላ ግን ከማንም በላይ የጠበቀው እሱ ነው። ደንቡ ራሱ አልተለወጠም። ስለትና ደም ካለ አሁንም ጣቢያ ነው። ፊቱ የተቆረጠው ልጅ አሁንም ወደ ኋላው ሳያይ ይመጣል፤ የቦርደዴዋ ልጅ መቀመጫ ላይ ደግሞ ሌላ ተማሪ ተቀምጧል። ሰዎች "ፖሊሱ ጠቀመ ወይስ ጎዳ?" ብለው ሲጠይቁኝ የሁለቱን ልጆች ነገር እነግራቸዋለሁ። አንዱን ብቻ ሰምተው ለመሄድ የሚፈልጉ ይበዛሉ።

በዓመቱ መጨረሻ ለፈተና ጥበቃ ሚኤሶ ተመደብኩ። በእረፍት ሰዓት ልጅቷ ከሩቅ አይታኝ መጣች። ጠቁራለች፤ ወባ ደጋግሞ ጥሏታል።

"እዚህ እንዴት ነው?" አልኳት።

"ጥሩ ነው ቲቸር።" ወደ በሩ ተመለከተች። እዚያም አንድ ወጣት ፖሊስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። "ይሄኛው ስሜን አያውቅም" አለችኝ። "እንደዚህ ይሻላል።" ጥቂት አሰበችና፣ "ያችኛዋን ግን ሰላም ይበሉልኝ" አለች።

ጭሮ ስመለስ በር ላይ ለፖሊሷ ነገርኳት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ከስታለች?"

"ትንሽ።"

ራሷን ነቀነቀች። ተማሪዎች እየገቡ ስለነበር "አካም ቡልተን" እያለች ወደ እነሱ ዞረች።